ሐዲድ አጠገብ ላለ ሰፈር የባቡር ደህንነት ትምህርት፦ «ተጠንቀቁ» ከማለት አልፎ ምን ይባላል?

ጠመኔ_ብቻ (ጠያቂ)

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። በሞጆና በአዳማ መካከል የአዲስ አበባ–ጅቡቲ ባቡር ሐዲድ ሰፈሩን ለሁለት ከፍሎት የሚያልፍ አንድ ቀበሌ አለ። ትምህርት ቤቱ በአንድ በኩል ነው፤ ወፍጮ ቤቱና የገበያው መንገድ በሌላው። ሕጋዊው መተላለፊያ በሐዲዱ ሥር ያለው የኮንክሪት መሿለኪያ ሲሆን 600 ሜትር ያህል ዙሪያ ያስኬዳል። ክረምት ሲመጣ ደግሞ ደለል ይሞላዋል። ስለዚህ ሰዉ አጥሩ በተቀደደበት በኩል ያልፋል፦ ተማሪው፣ ጄሪካን ያዘለችው፣ ከብት የሚነዳው፣ ሁሉም።

ቀበሌው፣ እድሮቹና ትምህርት ቤቱ ተባብረው የሁለት ወር ትምህርት ሊጀምሩ ነው። እስካሁን የታሰበው ባነር መስቀልና በድምፅ ማጉያ «ከሐዲድ ራቁ» እያሉ መዞር ብቻ ነው። ይሄ እንደማይበቃ ግልጽ ነው። ለልጅም ለአዋቂም በቁጥር የሚነገር ምን አለ? ሰዉን ሐዲዱ ድረስ ሳንወስድ በተግባር እንዴት ማሳየት ይቻላል? ከብት ነጂዎቹንስ በምን መንገድ እናናግራቸው? ደግሞስ ሥራው ለውጥ ማምጣቱን በምን እናውቃለን? ሙያው ያላችሁ ብትመልሱልኝ።

ፍሬን_ቧንቧ

መምህር፣ ሰው ሐዲድ ላይ ተዝናንቶ የሚሻገረው ደፋር ስለሆነ አይደለም። በልቡ «ነጂው ያየኛል፤ ካየኝ ያቆማል» የሚል ሒሳብ አለው። ከመኪና የተማረው ሒሳብ ነው። መጀመሪያ ይሄ ይፍረስ፤ ሌላው በኋላ ይደርሳል።

የመኪና ጎማ ላስቲክ ስለሆነ ደረቅ አስፋልት ነክሶ ይይዛል። የባቡር እግር ግን ብረት ነው፤ የሚሄደውም በብረት ላይ ነው። እያንዳንዱ እግር ሐዲዱን የሚነካው የአውራ ጣት ጥፍር በምታህል ቦታ ብቻ ነው። ያን ሁሉ ኮንቴይነር በትንሽ ጉልበት መጎተት የሚቻለው በዚህ ምክንያት ነው፤ ቶሎ መቆም የማይቻለውም በዚሁ ምክንያት ነው።

ወደ ቁጥሩ ልምጣ። ይህ መስመር ሲነደፍ የመንገደኛ ባቡር እስከ 120፣ የጭነት ባቡር እስከ 80 ኪሎ ሜትር በሰዓት እንዲሄድ ነው። 80 ማለት በሰከንድ 22 ሜትር ነው፤ 120 ማለት 33 ሜትር። የተጫነ ባቡር ድንገተኛ ፍሬን ተይዞ ፍጥነቱ በየሰከንዱ 0.3 ሜትር በሰከንድ ያህል እየቀነሰ ሄደ እንበል፦ ከ80 ተነስቶ እስኪቆም ከ800 ሜትር በላይ ይፈጃል። ፍሬኑ የሚሠራው በአየር ነው፤ የአየሩ ግፊት ለውጥ ከሎኮሞቲቩ እስከ መጨረሻው ፉርጎ በቧንቧው እስኪደርስ ጥቂት ሰከንዶች ይሄዳሉ። 5 ሰከንድ ብትሉት ሌላ 110 ሜትር ነው። ለሕዝብ ስትናገሩ «ወደ 1 ኪሎ ሜትር» በሉና ጨርሱ። ከዚያ ኪሎ ሜትሩን ወደ ሰፈሩ ምልክት ቀይሩት፦ «ነጂው ወፍጮ ቤቱ ጋ ሆኖ ቢያይህ፣ የሚቆመው ቤተ ክርስቲያኑን አልፎ ነው»። ሰው ሜትር አይዝም፤ ቤተ ክርስቲያኑን ግን ያውቀዋል።

ሁለተኛው ስሕተት የዓይን ነው። ግዙፍ ነገር ከሩቅ ሲመጣ ዝግ ያለ ይመስላል። ፊት ለፊት የሚመጣ ነገር ደግሞ ከጎን ወደ ጎን አይንቀሳቀስም፤ ባለበት ሆኖ እየሰፋ ብቻ ይሄዳል፤ የሚሰፋውም በመጨረሻዎቹ ሰከንዶች ነው። «ገና ነው» ያለ ሰው ዓይኑ አታሎታል እንጂ ሰነፍ ሆኖ አይደለም። ይህን ስትነግሩት አይናደድም።

ሦስተኛው ድምፅ ነው። የድሮውን የለገሀር ባቡር የሚያውቁ አዛውንቶች «ባቡር ሲመጣ ይሰማል» ይላሉ፤ ለዚያኛው ልክ ናቸው። በ1 ሜትር ስፋት ሐዲድ እየተንገጫገጨ በዝግታ የሚመጣ ነበር። ይሄኛው በኤሌክትሪክ ይሄዳል፤ ሐዲዱም ተበይዶ የተያያዘ ስለሆነ «ቀጭ ቀጭ» የለውም። ነፋስ ከእናንተ ወደ ባቡሩ ከነፈሰ ደግሞ የምትሰሙት ዘግይታችሁ ነው። ጆሮ ማዳመጫ ያደረገ ወጣትማ ጭራሽ።

በእናንተ አካባቢ ሌላም አለ። ከሰበታ እስከ አዳማ ሐዲዱ ድርብ ነው። አንዱ ባቡር እንዳለፈ ሰው ተንደርድሮ ይገባል፤ ከወዲያ የሚመጣውን ሁለተኛውን ባቡር ያለፈው ባቡር ጅራት ጋርዶታል። ጅራቱ ርቆ ሄዶ ሁለቱም ሐዲድ በሁለቱም አቅጣጫ ጥርት ብሎ እስኪታይ ንቅንቅ የለም። ደግሞ የባቡሩ አካል ከሐዲዱ ብረት በየጎኑ ወደ 90 ሴንቲ ሜትር ይወጣል። «ሐዲዱን አልነካሁም» ማለት አያድንም።

ኖራና_ገመድ

የተግባሩን ልመልስ። ተማሪ ይዞ ሐዲድ ዳር መሄድ አያስፈልግም፤ ክልክልም ነው። የኳስ ሜዳ ይበቃችኋል።

የሚያስፈልገው፦ 10 ኪሎ ኖራ፣ ባለ 20 ሜትር ሜትር ወይም በየግማሽ ሜትሩ የተቋጠረ ገመድ፣ ፊሽካ፣ ሰዓት የሚቆጥር ስልክ፣ ውሃ የተሞላ ባለ 20 ሊትር ጄሪካን።

በኖራ ስድስት ትይዩ መስመር አስምሩ። የመጀመሪያው የ«ቁም» መስመር ነው፤ እሱን ዜሮ በሉት። ከዚያ በ2.5፣ በ3.9፣ በ6.5፣ በ7.9 እና በ10.4 ሜትር ላይ። መሐል ያሉት አራቱ የሁለቱ ሐዲድ ብረቶች ናቸው፤ በአንዱ ሐዲድ ሁለት ብረቶች መካከል ያለው ስፋት 1.435 ሜትር ስለሆነ ነው ቁጥሩ እንዲህ የመጣው። 10.4 ላይ ያለው ማዶ ያለው የደህና ቦታ ነው።

አንድ ተማሪ «ቁም» መስመር ላይ ይቁም። መምህሩ ፊሽካ ይነፋል፦ ባቡሩ 100 ሜትር ርቀት ላይ ነው፣ ማለትም ሜዳው ጫፍ ያለው ጎል ጋ። ተማሪው በተለመደ እርምጃው መሻገር ይጀምራል። የጭነት ባቡር ከሆነ ከ4.5 ሰከንድ በኋላ ሁለተኛ ፊሽካ፤ ባለበት ይቁም። 5 ሜትር ተኩል ገደማ ሄዶ በሁለቱ ሐዲዶች መካከል ተገትሮ ታገኙታላችሁ። የመንገደኛ ባቡር ከሆነ ሁለተኛው ፊሽካ በ3 ሰከንድ ይነፋል፤ ያኔ ልጁ 3.6 ሜትር ላይ ነው። እዚያ ላይ የመጀመሪያውን ሐዲድ መሐል ረግጦ ቆሟል። ምንም ማብራሪያ አትጨምሩ፤ ሌሎቹ እግሩ የቆመበትን ኖራ ይዩት።

ቀጥሎ ጄሪካኑን ያዘለች አዋቂ፣ ከዚያ ምርኩዝ የያዘ አዛውንት ሙሉውን 10.4 ሜትር ይሻገሩና ሰከንዱን ሰሌዳ ላይ ጻፉ። ባዶ እጁን ያለ ሰው 9 ሰከንድ ገደማ፣ ጭነት ያለው 13 ያወጣል። በ33 አባዙት፦ ወደ 300 እና 430 ሜትር። ሜዳው ላይ ጠጠር የለም፤ እውነተኛው ሐዲድ ላይ ግን ጠጠሩ ይንሸራተታል፣ ነጠላ ጫማ ይቆረጣል። ከ5ኛ ክፍል በላይ ከሆኑ ይሄንኑ የሒሳብ ክፍለ ጊዜ አድርጉት፤ ኪሎ ሜትር በሰዓትን ወደ ሜትር በሰከንድ መቀየር እንዲህ ሲማሩት አይረሳም።

ከ3ኛ ክፍል በታች ላሉት ቁጥር አያስፈልግም። «ቁም፣ ስማ፣ እይ፣ ትልቅ ሰው ያዝ» በእጅ ምልክት፣ በሰልፍ ሰዓት፣ ለሁለት ሳምንት በየቀኑ። የትምህርት ቤቱ ሚኒ ሚዲያ ደግሞ በእረፍት ሰዓት አንድ ደቂቃ ይውሰድ፤ በየቀኑ አንድ ጥያቄ፣ መልሱ በማግስቱ።

ፍሬን_ቧንቧ

የኖራው ነገር ድንቅ ነው፤ አንድ ወጥመድ ግን አለው። ጎበዝ ተማሪ «እንግዲያው ባቡሩ 500 ሜትር ላይ ከሆነ በቀዳዳው መሻገር እችላለሁ» ብሎ ይወጣል። 500 እና 300 ሜትርን በዓይን መለየት እንደማይቻል እዚያው አሳዩ። ሁለት ሰው ቀይ ጨርቅ ይዘው ሜዳ ላይ በ60 እና በ90 ሜትር ይቁሙ፤ ተማሪው ርቀቱን በግምት ይናገር። የሚሰጡት ግምት እርስ በርሱ እጅግ ይራራቃል። የሒሳቡ መደምደሚያ «በዓይኔ አልገምትም፤ በሥር አልፋለሁ» ካልሆነ ትምህርቱ ጉዳት ነው።

እውነቱን_ንገሩ

ለምን ታድክማላችሁ? የአደጋ ፎቶ በትልቁ አትሙና ቀዳዳው ጋ ስቀሉ። አንዴ ያየ ሰው ሁለተኛ አይደግመውም።

ቆጣሪ

@እውነቱን_ንገሩ ወንድሜ፣ በዚያ ፎቶ ላይ ያለው ሰው እናት እዚያው ሰፈር ልትኖር ትችላለች። ያ ይቅርና ዘዴው ራሱ አይሠራም። ሰው የሚዘገንን ነገር ሲያይ ፊቱን ያዞራል፤ መልእክቱንም አብሮ ያዞረዋል። በየቀኑ የሚያልፍበት ደግሞ በሳምንት ይለምደዋል። ለጎረምሳ ጭራሽ ፉክክር ይሆናል። ፍርሃት ብቻ ሰጥታችሁ የምትሄድበትን መንገድ ካላሳያችሁት፣ ነገም በዚያው ቀዳዳ ነው የሚያልፈው፤ ልዩነቱ እየሮጠ መሆኑ ነው። እየሮጠ ጠጠር ላይ መውደቅ ደግሞ ከመራመድ የባሰ ነው።

25ሺህ_ቮልት

ሁላችሁም ስለ ጎማው አወራችሁ፤ ከላይ ስላለው ሽቦ ማንም አላነሳም። በዚህ መስመር ከሐዲዱ በላይ ያለው ሽቦ 25,000 ቮልት ይዟል። ቤት ያለው 220 ነው። ሰፈር ውስጥ የሚነገረው ትልቁ ውሸት «ባቡር ከሌለ ኤሌክትሪኩ የለም» የሚለው ነው። ባቡር ኖረም አልኖረም፣ ሌሊትም ቀንም፣ አለ ብላችሁ አስተምሩ።

ሁለተኛ፣ መንካት አያስፈልግም። በዚህ ቮልቴጅ ኤሌክትሪክ በአየር ላይ ዘሎ ይይዛል። ሰውም የያዘው ዕቃም በማናቸውም አቅጣጫ ከሽቦው 3 ሜትር መራቅ አለበት። እናንተ ሰፈር የሚያሰጋው ምን ምን እንደሆነ ተቀምጣችሁ ዘርዝሩ፦ በትከሻ ቀጥ ብሎ የተያዘ ፌሮ፣ የጣሪያ ቆርቆሮ፣ የአንቴና ብረት፣ ፍራፍሬ ማውረጃ ረጅም እንጨት (እርጥብ እንጨት ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል)፣ በአይሱዙ ላይ ከልክ በላይ የተቆለለ ጭድ፣ ወደ ወንጂና መተሐራ አካባቢ ደግሞ የሸንኮራ አገዳ ጭነት። ከድልድይ ላይ ውሃ መድፋትም፣ መሽናትም እዚህ ውስጥ ይገባል፤ ወንዶች ልጆች ሲሰሙት ይስቃሉ፣ ስለዚህ አይረሱትም። የቆመ ፉርጎ ወይም ኮንቴይነር ላይ መውጣት ከሁሉ የከፋው ነው፤ ላይኛው ጫፍ የደረሰ ሰው ሽቦው አጠገብ ደርሷል።

ሽቦ ተበጥሶ መሬት ላይ ካገኛችሁ ቢያንስ 10 ሜትር ራቁ፣ ሌላውንም አስቁሙ። አጠገቡ ሆናችሁ ካያችሁት እግራችሁን ከመሬት ሳታነሱ፣ ሁለቱን አጠጋግታችሁ እየጎተታችሁ ውጡ፤ ሰፊ እርምጃ በሁለቱ እግሮች መካከል የቮልቴጅ ልዩነት ይፈጥራል። የተያዘ ሰው ካለ በእንጨት ላላቀው ማለት የለም። ያ ለቤት ኤሌክትሪክ የሚነገር ምክር ነው፤ እዚህ አዳኙንም ይገድላል። ኃይሉ መቋረጡ በባቡሩ ሰዎች እስኪረጋገጥ አይቀረብም።

አዲስ አበባ ያላችሁ የቀላሉ ባቡር ሽቦ 750 ቮልት ቀጥተኛ ኤሌክትሪክ ነው። ያነሰ ነው ብሎ የሚጫወትበት ካለ እሱም ይገድላል።

ምሰሶው ላይ የታሰረውን የመሬት ገመድ ለመዳብ ብሎ የሚፈታውን በተመለከተ አንድ ዐረፍተ ነገር ይበቃል፦ ያ ገመድ ከሌለ ብልሽት በተፈጠረ ጊዜ ምሰሶው ራሱ ኤሌክትሪክ ይዞ ይቆማል፤ ተደግፎት የሚቆመውም የሰፈሩ ልጅ ነው። የሐዲድ ማሠሪያ ክሊፕ መንቀልም እንደዚሁ፤ ሁለቱ ብረቶች ስፋታቸውን መጠበቅ ያቅታቸውና ባቡሩ ከሐዲዱ ይወጣል።

የበረሃ_መንገድ

የከብቱን ጉዳይ እኔ ልያዘው።

ለእረኛ «ተጠንቀቅ» ስትሉት ይሰድባችኋል፤ ከእናንተ ይልቅ ለከብቱ የሚጠነቀቀው እሱ ነው። በቁጥር አነጋግሩት። 40 ከብት 3 ሜትር በሆነ ቀዳዳ አንድ ሁለት እየሆነ ሲያልፍ ሁለት ደቂቃ ተኩል ይወስዳል እንበል። በዚያ ጊዜ በ80 የሚሄድ ባቡር 3 ኪሎ ሜትር ከ300 ሜትር ይጓዛል። ስለዚህ መንጋው መሻገር ሲጀምር ባቡሩ ጭራሽ ላይታይ ይችላል። «አየሁ፣ ባዶ ነበር» የሚለው እውነቱን ነው፤ ግን ማየቱ አይጠቅመውም። መንጋ በሐዲድ ላይ የሚያልፍበት አስተማማኝ ዘዴ የለም፤ በሥር ብቻ።

ችግሩ ከብት ጨለማና እርጥብ መሿለኪያ አይወድም። መሪዋን ላም ማለማመድ ያስፈልጋል። ውሃውን አፍስሱ፣ ወለሉ ላይ ደረቅ አፈር በትኑ፣ ማዶ መውጫው ላይ ጨው አስቀምጡ፤ ማለዳ ከሌላው መንጋ በፊት መሪዋን ብቻ ለአንድ ሳምንት አመላልሱ። እሷ ከገባች ሌላው ይከተላል። በሐዲድ ላይ ግን ይኸው ጠባይ ጠላት ነው፦ መሪዋ ካለፈች የቀሩት ባቡር እየመጣም ይከተሏታል። ግመል ደግሞ ጥሩምባ ሲሰማ ወደ ጎን ከመውጣት ይልቅ ሐዲዱን ይዞ ወደ ፊት ሊሮጥ ይችላል።

አጥሩ ውስጥ ያለውን ሣርም እዩ። ከብት ስለማይገባበት ከውጭው ይልቅ ለምለም ነው፤ በበጋ የሚጠራቸው እሱ ነው። ከባቡር ድርጅቱ ጋር በጽሑፍ ተስማምታችሁ፣ ሠራተኞቻቸው ባሉበት፣ በተወሰነ ቀን ሣሩ ታጭዶ ለሰፈሩ ቢሰጥ የመግቢያው ምክንያት ይቀንሳል። ፈቃድ ሳይኖር ማጭድ ይዞ መግባት ግን የለም።

የሚነግራቸው ሰውም ነገር አለው። በኦሮሚያ በኩል አባ ገዳዎች፣ ወደ ድሬዳዋና ሽንሌ በኩል የሶማሌ የጎሳ ሽማግሌዎች፣ አዋሽ ላይ ያሉት አፋሮች ደግሞ ዳጉ አላቸው፤ ወሬው ከአፍ ወደ አፍ በረሃውን ያቋርጣል። ለዳጉ የምትሰጡት መልእክት ሳይሸራረፍ እንዲደርስ አጭር ይሁን፦ «ባቡር 1 ኪሎ ሜትር ሳይሄድ አይቆምም። መንጋ በሥር። ከብት ሐዲድ ላይ ከቀረ ተወው፣ አንተ ውጣ።» የመጨረሻዋን አትዝለሏት፤ የተነጠለ ጥጃ ለማውጣት የሚመለሰው እረኛ ብዙ ጊዜ ልጅ ነው። ቋንቋውም የእነሱ ይሁን፤ አማርኛ ባነር ተሸክሞ የሶማሌ ገበያ መግባት ጨርቅ ማባከን ነው።

አንድ ነገር ደግሞ፦ ስብሰባው ላይ የመጀመሪያው ጥያቄ የካሳ ነው። መልስ የሚሰጥ የባቡሩ ሰው ሳይኖር ስብሰባ አትጥሩ። እናንተም ቃል አትግቡ።

ጠመኔ_ብቻ

እግዜር ይስጥልኝ፤ ወረቀት ሊያልቅብኝ ነው። አንድ የረሳሁት አለ፦ ጎረቤት ቀበሌ ባጃጅና የፈረስ ጋሪ ሐዲዱን በላዩ የሚያቋርጡበት ቦታ አለ። እነሱ ለሹፌሮች ብቻ የሚሆን ነገር ይፈልጋሉ።

ማርሽ_አንድ

ለሹፌር ስብሰባ አትጥሩ፤ አይመጣም። የባጃጅ ማኅበሩ ተራ አስከባሪ በሰልፍ ላይ ያሉትን አምስት አምስት እያደረገ 10 ደቂቃ ይንገራቸው። ቅደም ተከተሉ ይሄ ነው።

ከመድረስህ በፊት ሙዚቃውን ዝጋ፣ የጎን ሸራውን ግለጥ። ከመጀመሪያው ብረት 5 ሜትር ላይ ቁም። ግራ፣ ቀኝ፣ እንደገና ግራ። ከዚያ ማዶ እይ፦ ከሐዲዱ ወዲያ የመኪናህ ርዝመትና 2 ሜትር ትርፍ የሚሆን ባዶ ቦታ አለ? ከሌለ ፊትህ ያለው እስኪሄድ ሐዲድ ውስጥ አትግባ። ሲኖትራክ ከነተሳቢው ከ15 ሜትር በላይ ነው፤ ጭንቅላቱ ተሻግሮ ጅራቱ ሐዲድ ላይ የሚቀረው እንዲህ ነው። ማርሽ አንድ አስገብተህ ሳትቀይር ጨርስ፤ ማርሽ ሲቀየር ሞተር የሚጠፋው እዚያ ላይ ነው። መንገዱን የሚዘጋው ዘንግ ከወረደ በጎን መዞር የለም፤ ባቡር አልፎ ዘንጉ ካልተነሳ ሁለተኛ ባቡር አለ ማለት ሊሆን ይችላል።

ሐዲዱን ቀጥ ብለህ ቁረጠው፣ በሰያፍ አይሆንም። በብረቱ ጎን ጎድጓዳ አለ፤ የባጃጅ የፊት ጎማና የጋሪ ጎማ በሰያፍ ከገቡ እዚያ ይቀረቀራሉ። ባለ ጋሪ ይውረድና ፈረሱን በልጓም ይዞ ይምራ። ሎቤድ (ከባድ ማሽን የሚጭነው ዝቅ ያለ ተሳቢ) ከሆነ ሆዱ ጉብታው ላይ ሊቀመጥ ስለሚችል በዚያ ባያልፍ ይሻላል።

ሐዲድ ላይ ከጠፋብህ፦ አንዴ ሞክር፤ ካልነሳ ሰው ሁሉ ይውረድ። ዕቃ አይወርድም። ሩጫው ከሐዲዱ እየራቁ፣ ግን ባቡሩ ወደሚመጣበት አቅጣጫ በሰያፍ ነው። ሰው ይሄን ሲሰማ ግራ ይገባዋል፤ ምክንያቱ ባቡሩ መኪናውን ሲመታ ስብርባሪው የሚወረወረው ባቡሩ ወደሚሄድበት ነው። ደህና ቦታ ስትደርስ ደውል። ሌላ ሰው ካለ በባቡሩ አቅጣጫ ቢያንስ 1 ኪሎ ሜትር ሄዶ፣ ሐዲድ ውስጥ ሳይገባ፣ ቀን ቀይ ጨርቅ፣ ማታ መብራት ከጎን ወደ ጎን ያወዛውዝ።

ቆጣሪ

የውጤቱን ጥያቄ ማንም አልነካውም። የአደጋ ቁጥርን መለኪያ አታድርጉ። በአንድ ሰፈር በሁለት ወር ውስጥ አደጋ ባይደርስ ዕድል ይሁን ትምህርት አይለይም። የሚቆጠረው የሰው አካሄድ ነው።

ትምህርቱ ከመጀመሩ በፊት ሁለት ቀን ምረጡ፤ አንዱ የገበያ ቀን፣ አንዱ ተራ ቀን። ከጠዋቱ 1 እስከ 3 ሰዓት፣ ከሰዓት ደግሞ ተማሪ በሚወጣበት ከ9 ተኩል እስከ 11 ተኩል። ሁለት ሰው ይበቃል፤ አንዱ ቀዳዳውን፣ አንዱ መሿለኪያውን የሚያይ፣ ሁለቱም ከአጥሩ ውጭ 10 ሜትር ርቀው። ወረቀቱ ላይ አራት ዓምድ፦ በሥር ያለፈ፣ በቀዳዳ ቆሞ አይቶ ያለፈ፣ በቀዳዳ ሳያይ ያለፈ፣ ከብት ይዞ ያለፈ። ስም አይጻፍ፤ ልጅ ወይም አዋቂ ብቻ። ከ200 ሰው 140ው በቀዳዳ ካለፈ መነሻችሁ 70 በመቶ ነው። በወሩና በሦስተኛው ወር በተመሳሳይ ቀንና ሰዓት ድገሙት። ክረምትና በጋን አታወዳድሩ።

አሁን ግን የማይወደድ ነገር ልናገር። መሿለኪያው ደለል እንደሞላ ትምህርቱን ከጀመራችሁ ቁጥሩ አይነቃነቅም፤ ሰዉም ልክ ነው። መጀመሪያ ደለሉ። ርዝመቱ 12፣ ስፋቱ 3 ሜትር ሆኖ ደለሉ 40 ሴንቲ ሜትር ቢሆን 14 ሜትር ኩብ ተኩል ያህል ነው፤ አንድ ሲኖትራክ ገደማ። በአካፋና በባሬላ 8 ሰው አንድ ቀን ይፈጅበታል። ለባቡር ድርጅቱ ደብዳቤ ጻፉና ሰዋቸው ባለበት ሥሩት፤ ወለሉ ከተነካና ከመሠረቱ ሥር ከተቆፈረ ሌላ ጣጣ ነው። ከላይ በኩል ጎርፉን የሚያዞር ቦይ ካልተቀደደ በሐምሌ ተመልሶ ይሞላል። በአንድ ጎን ከወለሉ ከፍ ያለ የድንጋይ መረማመጃ ብታደርጉ እግር ሳይረጥብ ያልፋል። ሰው ሲለምደው ቀዳዳው ይዘጋ። በዚህ ቅደም ተከተል፤ ቀዳዳውን ቀድማችሁ ከዘጋችሁት በማግስቱ 50 ሜትር ወዲያ ሌላ ታገኛላችሁ።

ቀን የምትፈልጉ ከሆነ የዓለም የባቡር ማቋረጫ ደህንነት ቀን ከ2009 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በየዓመቱ፣ ብዙ ጊዜ በእኛ ግንቦት መጨረሻ ወይም ሰኔ መጀመሪያ ላይ ይውላል፤ ከክረምቱ በፊት መሆኑ ለእናንተ ይመቻል።

25ሺህ_ቮልት

በ@ማርሽ_አንድ «ደውል» ላይ ልጨምር። ደውሎ «ባጃጅ ሐዲድ ላይ ቆሟል፣ ሞጆ አካባቢ» ማለት ለተቀባዩ ምንም አይነግረውም። አሜሪካ ያላችሁ በየማቋረጫው ትንሽ ሰማያዊ ሰሌዳ ታያላችሁ፤ ስልክ ቁጥርና የዚያ ማቋረጫ መለያ ቁጥር አለበት። እዚህም ሽቦውን የተሸከሙት ምሰሶዎች ቁጥር አላቸው። ለሰፈሩ ቅርብ የሆኑትን የሁለት ሦስት ምሰሶዎች ቁጥር ከአጥር ውጭ ሆናችሁ አንብቡና ከባቡሩ ስልክ ጋር በመሿለኪያው አፍ፣ በወፍጮ ቤቱና በባጃጅ ተራው ላይ ጻፉት። ደዋዩ የሚናገረው አራት ነገር ነው፦ የምሰሶ ቁጥር፣ ሐዲድ ላይ ያለው ምንድን ነው፣ በየትኛው ሐዲድ (ወደ አዳማ በሚሄደው ወይስ ወደ ሞጆ በሚሄደው)፣ ሰው አለበት ወይስ የለም።

ጠመኔ_ብቻ

የስልክ ቁጥሩን ከጣቢያው ተቀብለናል፤ ነገ ባነሩ ሊታተም ነው።

ፍሬን_ቧንቧ

ከማተማችሁ በፊት ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ደውሉበት። የሚያነሳው ከሌለ ሌላ ቁጥር ጠይቁ።